ዎልፍቪል፦ ባሕሩ እየሸሸ የሚመለስባት ከተማ

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናው ከተፈላ በኋላ ብታነቡት ይሻላል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። "ቲቸር፣ የትኛው ካላንደር ነው?" የሚል ኮመንት እንዳይመጣብኝ ከወዲሁ ተናግሬያለሁ።

ከሰሞኑ ካናዳ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሁለት ፎቶ ላከልኝ። በአንደኛው ውኃው እስከ አፉ ሞልቶ ጀልባ ተንሳፎበታል። በሌላኛው ቡናማ ጭቃ ብቻ ነው የሚታየው፤ ጀልባዋም ጭቃው ላይ ጋደም ብላለች። "ቲቸር፣ አንድ ቦታ ነው። በስድስት ሰዓት ልዩነት ያነሳሁት ነው" አለኝ። ቀጥሎ የጻፈልኝ ግን ከፎቶው ይልቅ ያዘኝ። "እዚህ አገር ሁሉም ነገር ላይ ኢቫንጀሊን የሚል ስም አለ። መንገዱም ኢቫንጀሊን፣ የባሕር ዳርቻውም ኢቫንጀሊን። ማን ናት ይቺ ሴትዮ?"

ባጭሩ መለስኩለት፦ "በሕይወት ኖራ የማታውቅ ሴት ናት።" ረጅሙ መልስ ይኸው።

ከተማዋ ዎልፍቪል ትባላለች። በምሥራቅ ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ በሚባለው ክፍለ አገር ውስጥ፣ ከዋና ከተማው ከሃሊፋክስ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ነዋሪዎቿ አምስት ሺህ ቢሆኑ ነው። እዚያው ያለው አካዲያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አራት ሺህ ገደማ ተማሪ አለው። እንግዲህ አስቡት፤ በመስከረም ተማሪው ሲገባ ከተማዋ በእጥፍ ልታድግ ምንም አይቀራት፤ በግንቦት ሲወጣ ደግሞ ቱሪስቱ ይተካል። ቱሪስቱ ወይን ሊቀምስ፣ የቆዩትን የእንጨት ቤቶች ሊያይ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ሊመለከት ይመጣል። ከሁሉም በላይ ግን ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ወዳለችው ግራን ፕሬ ሊሄድ ይመጣል። ግራን ፕሬ በፈረንሳይኛ "ትልቁ መስክ" ማለት ነው። የዛሬው ወሬያችን ስለዚህ መስክ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ባሕሩ። እኛ ወደብ የሌለን ሰዎች ስለሆንን ይሄ ነገር ክፍል ውስጥ ሳስረዳም ይቸግረኛል። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በጨረቃና በፀሐይ ስበት ነው። በብዙ የዓለም ክፍል በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሁለት ሜትር ነው። የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ግን ቅርጹና ጥልቀቱ ልዩ ነው። ውኃው ከአፉ ገብቶ እስከ ጫፉ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ከውቅያኖሱ ሙላትና ጉድለት ጊዜ ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረውም። ልጅ ዥዋዥዌ ላይ አስቀምጣችሁ ልክ በሰዓቱ ገፋ፣ ገፋ ስታደርጉት ከፍ፣ ከፍ እንደሚለው ማለት ነው። በዚህ ምክንያት የባሕረ ሰላጤው ጫፍ በሆነው በሚናስ አካባቢ ልዩነቱ እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። በዓለም ትልቁ ነው። ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ የሚያህል ውኃ በስድስት ሰዓት ውስጥ ይመጣል፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ ይሄዳል።

እንዲህ ያለ ባሕር ዳር ማን ያርሳል? ያረሱት አሉ።

አካዲያውያን ይባላሉ። በ1600ዎቹ ከምዕራብ ፈረንሳይ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። በነገራችን ላይ ከኩቤክ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ጋር እንዳታደባልቋቸው። ከኩቤኮቹ ጋር እኛ ኢትዮጵያውያንም ትውውቅ አለን፤ በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት ዶክተር ሉሲየን ማት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ። አካዲያውያን ግን ሌላ ሕዝብ፣ ሌላ ታሪክ ናቸው። ከፖርት ሮያል ተነስተው በ1680ዎቹ አካባቢ ግራን ፕሬ ሰፈሩ። ጫካ መመንጠሩን ትተው ዓይናቸውን ረግረጉ ላይ ጣሉ፤ ባሕሩ እየመጣ የሚያጥለቀልቀውን፣ ደለሉን እየጣለበት የሚሄደውን ጨዋማ ረግረግ።

ያደረጉት እንዲህ ነው። ከነሥሩ እየተቆረጠ በወጣ ሣራማ አፈር በባሕሩና በረግረጉ መካከል ረጅም ካብ ሠሩ። ችግሩ ግን ዝናብ ሲዘንብና በረዶ ሲቀልጥ ከውስጥ የሚመጣው ውኃስ በየት ይውጣ? ካቡ የባሕሩን ውኃ እንደሚከለክል ሁሉ የዝናቡንም ውኃ አፍኖ ያስቀረዋል። ለዚህ "አቧቶ" የሚባል ዘዴ ነበራቸው። በካቡ ሥር የእንጨት ቦይ ያሳልፋሉ፣ በቦዩ ውስጥ ወደ ባሕሩ በኩል ብቻ የሚከፈት ተንጠልጣይ መዝጊያ ያደርጋሉ። ባሕሩ ሲጎድል የውስጡ ውኃ መዝጊያውን ገፍቶ ይወጣል። ባሕሩ ሲሞላ ደግሞ ራሱ ባሕሩ መዝጊያውን ገፍቶ ይዘጋዋል። ዘበኛ አያስፈልገው፣ ሞተር አያስፈልገው። ባሕሩን ራሱን በር ዘጊ አድርገው ቀጠሩት ማለት ነው። እውነቴን ነው፣ ከዚህ ያማረ ምሕንድስና ብዙ አላየሁም።

ከዚያ ለሁለት ሦስት ዓመት ይጠብቃሉ፤ ዝናብና በረዶ ጨዉን አጥቦ እስኪያወጣው ድረስ። ከዚያ በኋላ ያለ ምንም ማዳበሪያ ለትውልድ የሚታረስ መሬት ይሆናል። ስንዴ፣ አተር፣ የከብት ሣር። ግራን ፕሬ ብቻውን ወደ 1,300 ሄክታር ነው። ሥራው የአንድ ሰው አይደለም። ካቡ በአንድ ቦታ ከተበሳ የሁሉም እርሻ ይጠፋል። ስለዚህ ደቦ ግዴታ ነበር፤ ጎረቤቱን የተጣላ ሰው እንኳን ካቡ ላይ አብሮ መቆም ነበረበት።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ። መሬቱ ባዶ አልነበረም። የሚክማቅ ሕዝብ አገር ነበር፤ ዛሬም ነው። ከዎልፍቪል ማዶ ባሕሩን ገፍቶ የቆመው የብሎሚደን ገደል በሚክማቅ አፈ ታሪክ የግሉስካፕ መኖሪያ ነው። አካዲያውያን ግን የሚክማቅን ማደኛ ጫካ ከመመንጠር ይልቅ ባሕሩ የሚወስደውን መሬት ስለወሰዱ ከነሱ ጋር በአብዛኛው በሰላም ኖሩ፤ ተዋልደዋልም። በአሜሪካ አህጉር የሰፋሪዎች ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉርብትና ብዙ አታገኙም።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባል የለ። እንግሊዝና ፈረንሳይ በዚያ አካባቢ ያልተዋጉበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። በ1713 በዩትሬክት ውል አካዲያ ለእንግሊዝ ተሰጠች። ገበሬዎቹ አንድ ቀን ጠዋት ሲነሱ የሌላ ንጉሥ ተገዢ ሆነው አገኙት ራሳቸውን። እንግሊዝ ታማኝነታችሁን በመሐላ አረጋግጡ አለች። እነሱም "እንምላለን፣ ግን በፈረንሳይና በሚክማቅ ላይ ጦር አናነሳም" አሉ። በ1730 ገዢው ፊሊፕስ በቃል ይህንኑ ተቀበላቸው፤ ከዚያ በኋላ "ገለልተኞቹ ፈረንሳዮች" ይሏቸው ጀመር። ሃያ አምስት ዓመት በዚሁ ኖሩ።

አንዳንድ ጸሐፊ እዚህ ላይ "አጉል የዋህነት ነው፤ በሁለት ጦር መካከል ገለልተኛ የሚባል ነገር የለም" ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። አንድ ገበሬ በአንድ በኩል የጎረቤቱና የአማቹ ወገን፣ በሌላ በኩል የመንግሥት ጦር ቆሞ "ምረጥ" ቢባል፣ "እኔ ካቤን ልጠግን፣ ተዉኝ" ማለት ምኑ ነው የዋህነቱ? ከዚያ የተሻለ ምን ምርጫ ነበረው?

ደግሞም ጦርነቱ እቤታቸው ድረስ መጣ። በ1747 ክረምት በግራን ፕሬ ቤቶች ያደሩ የኒው ኢንግላንድ ወታደሮች በበረዶ ሌሊት በፈረንሳዮችና በሚክማቅ ተዋጊዎች ተጠቅተው አዛዣቸው ኮሎኔል ኖብል ተገደለ። በ1749 እንግሊዞች ሃሊፋክስን መሠረቱ። በዚያው ዓመት ገዢው ኮርንዋሊስ የሚክማቅ ሰው ለሚገድል ወይም ለሚማርክ ሽልማት አወጀ፤ ለገደለው የራስ ቆዳ ማምጣት ነበር የሚጠበቅበት። (የኮርንዋሊስ ሐውልት ሃሊፋክስ መናፈሻ ውስጥ ቆሞ ቆይቶ በ2018 ነው የተነሳው።) በ1755 ሰኔ እንግሊዞች የቦሴዡርን ምሽግ ሲይዙ ውስጡ አካዲያውያን ተገኙ። ተገደን ነው ቢሉም ሰሚ አላገኙም። የወቅቱ ገዢ ቻርልስ ሎረንስ የአካዲያውያኑን ተወካዮች ሃሊፋክስ ጠርቶ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ማሉ አላቸው። እምቢ አሉ። ሐምሌ 28 ቀን 1755 የሎረንስ ምክር ቤት ወሰነ፤ ሕዝቡ በሙሉ ከአገሩ ይውጣ።

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ እንድታነቡ እጠይቃለሁ።

ግራን ፕሬን እንዲያስወጣ የተላከው ከማሳቹሴትስ የመጣ ጆን ዊንስሎ የሚባል ሌተናል ኮሎኔል ነበር። ጦሩን ያሰፈረው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው። ከመግባቱ በፊት የመንደሩን ሽማግሌዎች ጠርቶ ንዋየ ቅድሳቱን እንዲያወጡ ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ አወጡ። ለምን እንደሆነ ግን አልተነገራቸውም። ወቅቱ የመከር ጊዜ ስለነበር ገበሬው እርሻው ላይ ነበር። ዊንስሎም መከሩ እስኪሰበሰብ ድረስ ዝም አለ። ከዚያ ማስታወቂያ አስነገረ፤ ዕድሜው ከአሥር ዓመት ጀምሮ ያለ ወንድ ሁሉ ዓርብ መስከረም 5 ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ይገኝ፤ የንጉሡ ትእዛዝ ይነበባል።

418 ወንዶች መጡ። በሩ ተዘጋባቸው። ዊንስሎ ንባቡን ሲጀምር ይህ ግዴታ ለተፈጥሮው የማይስማማ መሆኑን ገልጾ ነበር፤ ከዚያ ግን አነበበው። መሬታችሁ፣ ቤታችሁ፣ ከብታችሁ ለንጉሡ ተወርሷል። ገንዘባችሁንና መርከቡ የሚችለውን ያህል የቤት ዕቃ ብቻ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። እንግሊዝኛው በአስተርጓሚ ነው የተነገራቸው።

ዊንስሎ የቀን ማስታወሻ ይጽፍ ነበር፤ ማስታወሻው ዛሬም አለ። የወንዶቹን ስም አንድ በአንድ መዝግቧል። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከአምስት ቀን በኋላ እስረኞቹ እንዳያምፁ ስለፈራ ከ200 በላይ ወጣቶችን ለይቶ ባሕሩ ላይ ወደቆሙት መርከቦች እንዲወሰዱ አዘዘ። ልጆቹ ያለ አባቶቻችን አንሄድም አሉ። ወታደሮቹ ሳንጃ ደገኑ። ልጆቹ እየጸለዩና እየዘመሩ፣ እናቶችና እህቶች በመንገዱ ዳርና ዳር እያለቀሱ፣ ወደ ባሕሩ ወረዱ። የቀረው ሕዝብ በጥቅምት ተጫነ። ቤተሰብ እንዳይነጣጠል የሚል መመሪያ ነበር፤ በመርከብ እጥረትና በጥድፊያው ግን ብዙ ቤተሰብ ተበተነ። ከግራን ፕሬና ከአካባቢዋ ብቻ ወደ 2,200 ሰው ወጣ። በሚናስ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ከ250 በላይ ቤቶችና ከዚያ የማያንሱ ጎተራዎች ተቃጠሉ። እህሉ ሳይቀር፣ ተመልሶ የሚመጣ ሰው መጠጊያ እንዳያገኝ።

ማባረሩ በግራን ፕሬ አላበቃም። እስከ 1763 ድረስ ከ10 ሺህ በላይ አካዲያውያን ከመላው አገራቸው ተጋዙ። የተጫኑት ከማሳቹሴትስ እስከ ጆርጂያ ድረስ ወዳሉ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ነበር፤ ሆን ተብሎ በየቦታው ተበትነው፣ እንዳይሰባሰቡ። ቨርጂኒያ አልቀበልም ብላ ወደ እንግሊዝ አሻገረቻቸው፤ እዚያ በወደብ ከተሞች ተይዘው ጦርነቱ እስኪያልቅ ቆዩ። በ1758 ታኅሣሥ "ዱክ ዊልያም" እና "ቫዮሌት" የሚባሉ ሁለት መርከቦች በመቶ የሚቆጠሩ አካዲያውያንን ይዘው አትላንቲክ ውስጥ ሰጠሙ። በበሽታና በረሃብ ያለቀው በሺዎች ይቆጠራል። የተረፉት አንዳንዶቹ ወደ ሉዊዚያና ሄዱ። ዛሬ "ኬጀን" የሚባለው የሉዊዚያና ሕዝብ ስሙ "አካዲያን" ከሚለው ቃል ተቆርጦ የወጣ ነው። ያንን ቅመም የበዛበትን የኬጀን ምግብ በቲቪ ስታዩ ይሄንን አስታውሱ።

መሬቱስ? ሎረንስ በኒው ኢንግላንድ አዋጅ አስነገረ፤ የታረሰ መሬት አለ፣ ኑ። በ1760 ሰኔ ከኮኔቲከት የመጡ ሰፋሪዎች በመርከብ ሆርተን ላንዲንግ ወረዱ። "ፕላንተርስ" ይሏቸዋል። የታሪክ ጸሐፊው ቶማስ ሃሊበርተን እንደተረከው ሰፋሪዎቹ ባሕሩ ዳር ወደ ስልሳ የሚጠጉ የበሬ ጋሪዎችና ያንኑ ያህል ቀንበር ቆመው አገኙ። አካዲያውያኑ ዕቃቸውን ወደ መርከብ ያመላለሱባቸው ናቸው። አምስት ዓመት ሙሉ እዚያው ቆመው ነበር።

ቀጥሎ የመጣውን ነገር ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው አናምነውም ነበር። በ1759 ኅዳር ኃይለኛ ማዕበል ካቦቹን ሰብሮ መስኩን በጨው ውኃ አጥለቅልቆት ነበር። አዲሶቹ ሰፋሪዎች ስለ ካብና ስለ አቧቶ ምንም አያውቁም። ማን ያውቃል? አካዲያውያን። እናም በእስር የቀሩት አካዲያውያን እየመጡ ካቡን እንዲጠግኑ፣ ለሰፋሪዎቹም እንዲያሳዩ ተደረገ። አያቶቻቸው ከባሕር ያወጡትን መሬት፣ የራሳቸውን መሬት፣ በቀን ሠራተኝነት ለሌላ ሰው አዳኑለት። በ1764 ተመልሳችሁ መስፈር ትችላላችሁ ሲባሉ ደግሞ ግራን ፕሬ ተይዛለች። የተመለሱት ወደ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ ድንጋያማ ወደሆነው ወደ ሴንት ሜሪ ቤይ ሄደው ገበሬዎቹ ዓሣ አጥማጅ ሆኑ።

ዎልፍቪል የሰፋሪዎቹ ከተማ ናት። መጀመሪያ ስሟ "መድ ክሪክ" ነበር፣ የጭቃ ወንዝ እንደማለት። የዳኛ ኢሊሻ ዲዎልፍ የልጅ ልጆች ውጭ ሲማሩ "ከየት ናችሁ?" ሲባሉ "ከጭቃ ወንዝ" ማለት አሳፍሯቸው ስሙ ይቀየር አሉ ይባላል። በ1830 በቤተሰቡ ስም ዎልፍቪል ተባለች። ከተኩላ ጋር ምንም ግንኙነት የላትም። (የሰፈር ስም አፍሯችሁ "ከመሀል ከተማ ነኝ" የምትሉ ልጆች፣ ብቻችሁን አይደላችሁም።)

ዩኒቨርሲቲው የመጣው በጸብ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ያኔ በኖቫ ስኮሺያ ከፍተኛ ትምህርት የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ባፕቲስቶች በዳር ነበሩ። ባፕቲስቶቹ በ1828 ሆርተን አካዳሚን ከፈቱ። በ1838 ደግሞ ሃሊፋክስ ያለው ዳልሁዚ ኮሌጅ ኤድመንድ ክሮውሊ የሚባለውን ብቁ ሰው ባፕቲስት በመሆኑ መምህር አናደርግህም አለው። ባፕቲስቶቹ ተቆጡና በዚያው ዓመት የራሳቸውን ኮሌጅ መሠረቱ። በ1839 ጥር በ21 ተማሪ ትምህርት ተጀመረ። በኋላ ያወጡለት ስም "አካዲያ" ነው። የተባረሩት ሰዎች አገር ስም፣ ከነሱ በኋላ በመጡት ሰዎች ትምህርት ቤት ላይ። ስሙን ባየሁት ቁጥር ይሄ ነገር ይከነክነኛል።

የመጀመሪያው ትልቅ ሕንጻ የተሠራው አይዛክ ቺፕማን በሚባል መምህር ጥረት ነው። ጥሬ ገንዘብ አልነበረም። እሱ ግን በየገጠሩ እየዞረ ያላችሁን ስጡ አለ፤ እንጨት ያለው እንጨት፣ ሌላው ሌላውን። ሕንጻው ቆመ። በ1852 ሰኔ ቺፕማን ተማሪዎቹን ይዞ ድንጋይና አፈር ሊያጠና ወደ ብሎሚደን በጀልባ ተሻገረ። ሲመለሱ ጀልባዋ ተገለበጠች። ቺፕማንና አራት ተማሪዎቹ አብረዋቸው ከነበሩት ጋር ሰጠሙ። እኔም ተማሪ ይዤ የመስክ ጉብኝት የምወጣ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ሰውዬ ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ዩኒቨርሲቲው በጊዜው ሊመሰገንበት የሚገባ ነገርም አለው። በ1884 የመጀመሪያዋን ሴት፣ በ1892 የመጀመሪያውን ጥቁር ተማሪ አስመርቋል። በ1903 የተመረቀው ዊልያም ኤ. ዋይት በባርነት ከኖሩ ወላጆች ቨርጂኒያ የተወለደ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቁር ካናዳውያን ጠመንጃ አትይዙም ተብለው አካፋና መጥረቢያ ሲሰጣቸው የነሱ ሻለቃ ቄስ ሆኖ በመኮንንነት ማዕረግ ያገለገለ ሰው ነው። ልጁ ፖርሺያ ዋይት ስመ ጥር ዘፋኝ ሆነች።

አሁን ወደ ኢቫንጀሊን። በ1847 አሜሪካዊው ገጣሚ ሄንሪ ሎንግፌሎ በዚህ ስም ረጅም ግጥም አሳተመ። በግራን ፕሬ ሊጋቡ የነበሩ ኢቫንጀሊንና ገብርኤል በመባረሩ ይለያያሉ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈልገው ኖራ በመጨረሻ በፊላደልፊያ በሞት አልጋ ላይ ታገኘዋለች። ሎንግፌሎ ኖቫ ስኮሺያን አይቷት አያውቅም። መጽሐፉ ግን ዓለምን አዳረሰ። የባቡር ድርጅቱ ይህን አየና ነገሩ ገባው። ዶሚኒየን አትላንቲክ የሚባለው ባቡር መስመሩን "የኢቫንጀሊን አገር መንገድ" ብሎ ማስታወቂያ ሠራ። ከቦስተን በመርከብ፣ ከዚያ በባቡር፣ ለአንዲት ልብ ወለድ ልጅ ለማልቀስ ሰው ይጎርፍ ጀመር። የዎልፍቪል ቱሪዝም የተወለደው ከዚህ ነው። ያ የባቡር ጣቢያ ዛሬ የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ነው።

እንደ ታሪክ አስተማሪ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ዊንስሎ በገዛ እጁ የመዘገበው የእውነተኛ ሰዎች ስም ዝርዝር አለ ብያችኋለሁ። ለዚያ ዝርዝር ማንም አላለቀሰም፣ ላልነበረች ልጅ ግን ባቡር ሙሉ ሰው አለቀሰ። ግጥሙ አካዲያውያንን ምንም የማያውቁ፣ የማይቆጡ፣ እንደ በግ የተነዱ አድርጎ ነው የሣላቸው። እውነቱ ግን ለሃያ አምስት ዓመት በአቤቱታና በድርድር ሲከራከሩ የኖሩ፣ ከተባረሩም በኋላ አንዳንዶቹ በጫካ ሆነው የተዋጉ ሰዎች ናቸው።

ነገሩን ገልበጥ አድርጌ ሳየው ግን ቁጣዬ በረደ። በ1865 ግጥሙ ወደ ፈረንሳይኛ ተተረጎመና አካዲያውያን ራሳቸው አነበቡት። ለመቶ ዓመት በየዳርቻው አንገት ደፍተው የኖሩ ሰዎች ታሪካቸው በዓለም ሲነገር ሰሙ። በ1881 ትልቅ ጉባኤ ጠርተው ብሔራዊ በዓላቸውን ነሐሴ 15፣ የእመቤታችንን የዕርገት ቀን አደረጉ። በ1884 ደግሞ ሰንደቅ ዓላማ መረጡ፤ የፈረንሳይ ሦስት ቀለም ላይ የማርያም የወርቅ ኮከብ። ያልነበረች ልጅ የነበረ ሕዝብን አነቃች። ይሄን ማንም የታሪክ መጽሐፍ አላደረገውም።

የግራን ፕሬንም ቦታ ያዳነው አንድ የዎልፍቪል ጌጣጌጥ ነጋዴ ነው። ጆን ፍሬድሪክ ኸርቢን ይባላል፤ እናቱ አካዲያዊት ነበረች፣ እሱ ደግሞ የአካዲያ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ። በ1907 ቤተ ክርስቲያኑ የነበረበትን መሬት በራሱ ገንዘብ ገዛው። በ1917 ለባቡር ድርጅቱ ሲሸጠው አንድ ቅድመ ሁኔታ አስገባ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቦታ ለአካዲያውያን ይሰጥ። በ1920 የኢቫንጀሊን ሐውልት ቆመ። በ1922 ደግሞ አካዲያውያን በየቦታው ባዋጡት ገንዘብ የመታሰቢያ ቤተ ክርስቲያኑን ሠሩ። የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን የቆመበት አካባቢ፣ በሩ የተዘጋባቸው 418ቱ የነበሩበት።

ስለ ሐውልት ካነሳን አንዲት የነበረች ሴትም አለች። በዎልፍቪል ፖስታ ቤት ፊት ለፊት ከ2017 ጀምሮ የሞና ፓርሰንስ ሐውልት ቆሟል። ዎልፍቪል ያደገች፣ እዚያው የተማረች ተዋናይት ናት። ሆላንዳዊ አግብታ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤቷ ውስጥ የእንግሊዝ ወገን አብራሪዎችን ትደብቅ ነበር። በ1941 ናዚዎች ያዟት፣ ሞት ፈረዱባት፣ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረ። በ1945 እስር ቤቱ በቦምብ ሲመታ አምልጣ ጀርመንን በእግሯ አቋርጣ ሆላንድ ገባች። እዚያ ያገኘቻቸው ወታደሮች ከየት ቢሆኑ ጥሩ ነው? ከኖቫ ስኮሺያ። የገዛ አገሯ ልጆች። ይህችን ነው እንግዲህ ፊልም መሥራት!

ለተማሪዬ ይሄን ሁሉ ስጽፍለት "ታዲያ ይቅርታ ጠይቀዋል?" አለኝ። በ2003 በንግሥት ኤልሳቤጥ ስም አዋጅ ወጥቷል። አዋጁ የደረሰውን ጥፋትና ሥቃይ ያምናል፤ ሐምሌ 28ንም የመታሰቢያ ቀን ያደርጋል። ሕጋዊ ኃላፊነት ግን እንደማያስከትል እዚያው ተጽፎበታል። ካሳ የለም፣ መሬት የለም። ይሄን የምታህል አዋጅ ለማስወጣት ብዙ ዓመት ተለፍቷል። በ2012 ደግሞ ዩኔስኮ የግራን ፕሬን መስክ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የተመዘገበው ሐውልቱ ብቻ አይደለም፤ ካቡና እርሻውም ጭምር ናቸው። ዛሬም ገበሬዎቹ ማኅበር አላቸው፣ ካቡንም በጋራ ነው የሚጠብቁት። የባሕር ወለል ከፍ እያለ ስለሆነ ደግሞ የአካባቢው ካቦች እየተጠናከሩና ከፍ እየተደረጉ ነው።

ሆርተን ላንዲንግ ከግራን ፕሬ ብዙም አይርቅም። ሰፋሪዎቹ የወረዱበት የባሕር ዳር ነው ብያችኋለሁ፤ አካዲያውያኑ የተጫኑትም በዚያው አካባቢ ነው። በ1924 ለመባረሩ መታሰቢያ ትልቅ የብረት መስቀል ተሠርቶ ሌላ ቦታ ተተክሎ ነበር፤ በ2005 ወደዚህ ተዛወረ። ከሱ አጠገብ የሰፋሪዎቹ መታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል። አንዱ የወጡበትን፣ አንዱ የገቡበትን ያስታውሳል። ከሁለቱም ፊት ለፊት ያው ቡናማ ጭቃ ነው፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ውኃ።